የእስክሪብቶው መስመር

ይድረስ ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለኤሚር፤

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ነው? በቀን ሁለት መቶ በግ እሸልታለሁ ብለህ በላክኸው ፖስት ካርድ ላይ ስትኮራ አባዬ «ከበጎቹ ጠጉር በፊት የእሱ ወገብ ያልቃል» ብሎ ሲስቅ ነበር። የተሰነጣጠቀው እጅህ ዳነልህ? ያ ሳልህስ ለቀቀህ? ምግቡ ይስማማሃል ወይስ እዚያም ድንቹን ትተህ ሥጋውን ብቻ ነው የምትለቅመው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ የምታውቀው ዝናብ ነው፤ ውሻህ ፔግም አርጅታ ሶፋው ላይ መውጣት አቅቷት በእኛ ላይ ታላዝናለች። ደህና ነን ያልኩህ ግን ቤተሰቡን ነው። እኔ ደህና አይደለሁም፤ ያለህበት ተራራ ላይ ስልክ አለመሥራቱ አንድ በጎ ነገር ቢኖረው፣ ይህን ስነግርህ ድምፄን አለመስማትህ ነው።

አልጋህ ላይ የአክስታችን ልጅ ሄሌድ እንደምትተኛ እማዬ ጽፋልሃለች። አክስቴ ግዌንዳ ስዋንዚ ሆስፒታል ከገባች ጀምሮ፣ ይኸው ከመስከረም ወዲህ ልጅቷ እኛ ዘንድ ናት። እናቷ ታማባት ነው፤ አውቃለሁ፤ ማዘን ይገባኛል፤ አዝኛለሁም። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ቅናት አንጀቴን ሲያሳርረኝ ነው የከረመው። እማዬ «ሄሌድዬ፣ በረደሽ እንዴ? ሄሌድዬ፣ የኔ ቆንጆ፣ ድንች ልጨምርልሽ?» ትላታለች። ወደኔ ዞር ስትል ደግሞ «አንቺ ማሬድ! ያን እርጥብ ፎጣ አታነሺውም? ሠራተኛ ቀጠርንልሽ እንዴ!» ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቴ አንድ ቀን «የኔ ቆንጆ» ተብዬ አላውቅም። አንተ ተብለህ ታውቃለህ?

ይህን እችለው ነበር። ያልቻልኩት ትምህርት ቤቱን ነው። የሒሳብ ውጤቴን ታስታውሰዋለህ፤ አባዬ ወረቀቱን ገልብጦ ከጀርባው ሌላ ቁጥር ካለ ብሎ ያየውን። ለዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጁበት የንድፈ ሐሳብ ክፍል አልተቀበለኝምና የተረፈኝ የሙያ ሳይንስ ብቻ ነበር፤ ሁለት ዓመት ቤተ ሙከራ ውስጥ እየሠራህ በሠራኸው የምትመዘንበት። የአባዬ ጓደኞች «ብልቃጥ አጣቢዎች» ይሉናል። ይበሉን! እኔ ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ቻልኩ። ጠብታ መቁጠር እችላለሁ፣ ሚዛን ማስተካከል እችላለሁ፣ እጄ አይንቀጠቀጥም። ሄሌድ ግን ያን ሁሉ ከፍተኛ ውጤት ተሸክማ መጥታ እዚያው ክፍል ተመዘገበች። ምነው ብላት «በእጄ መሥራት ደስ ይለኛል» አለችኝ። ለእኔ የተከፈተልኝ ብቸኛ በር ነው፤ እሷ ደስ ስላላት ገባችበት፤ ገብታም አንደኛ ሆነች!

እንግዲህ ዋናው ነገር ይኸውልህ። የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ በየክረምቱ እረፍት ከክፍላችን አንድ ተማሪ ብቻ ለስድስት ሳምንት ይወስዳል፤ እዚያ የሠራ ሰው ሲጨርስ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይቀጠራል። የአባዬን ስኳር ያገኙት እነዚያ ሰዎች ናቸው፤ ስማቸውን እንኳ አናውቅም። ከእነሱ አንዷ መሆን ነው የምፈልገው፤ ከዚህ ሌላ የምፈልገው ነገር የለኝም። የሚሄደውን ተማሪ የምትመርጠው አስተማሪያችን ሚስ ፕሮሰር ናት፤ ዘንድሮ የምትመርጠው ደግሞ የቅጠል ቀለሞችን በመለየት ሥራ ነው፤ ያውም የመጀመሪያውን ሙከራ ብቻ አይታ።

ሚስ ፕሮሰር አንድ ሕግ አላት። ቤተ ሙከራ በር ላይ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ አለ፤ ስንገባ እርሳሳችንን እዚያ እንጥላለን። «እርሳስ ውሸታም ነው፤ ያልተመቻችሁን ታጠፉበታላችሁ» ትላለች። ሁሉ ነገር በእስክሪብቶ ይጻፋል። ከተሳሳትክ አትፍቅም፣ ገጹንም አትቀድም፤ ስህተቱ እንዲነበብ አንድ መስመር ብቻ ታሳልፍበትና አጠገቡ ትፈርማለህ። ይህን ስድስት ወር ስንሰማ ከርመን እስክሪብቶው ከእጃችን ጋር ተጣብቋል። ለቅጠሉ ሥራ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የስፒናች ጭማቂ ወረቀት ላይ ታንጠባጥብና የወረቀቱን ጫፍ ፈሳሽ ውስጥ ታቆማለህ፤ ፈሳሹ ወደ ላይ ሲሳብ አረንጓዴውንና ቢጫውን ለያይቶ ይዞት ይወጣል። ጠብታው የሚያርፍበት መስመር በእርሳስ መሰመር አለበት፤ በእስክሪብቶ ከሆነ ቀለሙ ከቅጠሉ ጋር አብሮ ይወጣና ሁሉን ያበላሻል። ሚስ ፕሮሰር ይህን የነገረችን ሄሌድ እናቷን ልትጠይቅ ስዋንዚ በሄደችበት ቀን ነው። «ማሬድ፣ አንድ ቤት ናችሁ፣ ንገሪያት» አለችኝ። እሺ አልኩ።

በመጀመሪያው ቀን በእውነት ረሳሁት። በሁለተኛው ቀን ትዝ አለኝ፤ እማዬ ግን የመጨረሻዋን ኬክ ለሄሌድ ስትሰጣት አየሁና ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በፈተናው ቀን ሄሌድ ከፊቴ ተቀምጣ እስክሪብቶዋን አውጥታ፣ ማስመሪያዋን አስተካክላ፣ ቀጥ ያለ ሰማያዊ መስመር ስታሰምር አየሁ። አንድ ቃል ብተነፍስ ይበቃ ነበር። ኤሚር፣ ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።

ሰማያዊው ወጣ። አረንጓዴውንም ቢጫውንም አጨማልቆት ወጣ። ከኋላ አንዷ «ሄሌድ፣ ያንቺ ስፒናች የንጉሥ ዘር ነው መሰል፣ ደሙ ሰማያዊ ነው!» ብላ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰችው። ሚስ ፕሮሰር መጥታ አየችና «ማሬድ አልነገረችሽም?» አለቻት። ሄሌድ ዞር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ «ነግራኛለች ሚስ፤ እኔ ነኝ የረሳሁት» አለች። በደብተሯም ላይ በእስክሪብቶ «ስህተቱ የእኔ ነው» ብላ ጽፋ ፈረመች።

ቦታው ለእኔ ሆነ። እማዬ ያን ቀን ቤከንና ከባሕር ዳር የተለቀመ ኮክል ጠበሰችልኝ፣ አባዬም ለጎረቤቱ ሁሉ ነገረ። ሄሌድ የቤተ ሙከራ ነጭ ካፖርቴን አጥባ ተኩሳ መኝታ ቤቴ በር ላይ ሰቀለችልኝ። ወይ ጉድ! አሁንስ በደግነትም በለጠችኝ ብዬ ጭራሽ ባሰብኝ። ቅናት ለአጥንት ነቀዝ ነው ሲሉን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንቅልፋችንን እንተኛ አልነበር? ልክ ናቸው፤ እኔ ሦስት ቀን ነቀዝሁ።

በአራተኛው ቀን ደብተሬን ከፍቼ «ሄሌድ በእስክሪብቶ ስታሰምር አይቻለሁ፤ አልነገርኳትም፤ አውቄ ነው» ብዬ ጻፍኩና ለሚስ ፕሮሰር ሰጠኋት። በእርሳስ ቢሆን አጠፋው ነበር። እሷ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ «ይህንን መጻፍ ከባድ ነው» አለችና የመጀመሪያውን ሙከራ ሰርዛ ለሄሌድ አዲስ ወረቀት ሰጠቻት። ሄሌድ ደግማ ሠራች። ቀለሞቹ አንድ በአንድ ተለያይተው ሲወጡ ዓይን አይጠግባቸውም፤ ቦታውም ሄደላት። አልዋሽህም፣ አለቀስኩ። አሁንም ነጭ ካፖርቷን ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

ያን ቀን ማታ ላይ ይቅርታ ጠየቅኳት። «ሳላውቅ መሰለሽ? ስታዪኝ ዓይንሽን አይቼዋለሁ» አለችኝ። ታዲያ ለምን ሸፈንሽኝ ብላት፣ «ቤትሽ ገባሁ፣ የወንድምሽ አልጋ ላይ ተኛሁ፣ ቦታሽንም ልውሰድብሽ?» አለች። ደግሞም፣ «እናትሽ እንዳንቺ ብትጮህብኝ ምን አለበት? እኔን እንደ እንግዳ ነው የምታናግረኝ። የእኔ እናት መጮህ አትችልም፤ ድምጿ ተዘግቷል» አለች። እኔ በድንች ስቀና እሷ በጩኸት ትቀናብኝ ኖሯል። ይህንኑ ለእማዬ ነገርኳት፤ ሳህኖቹን እያጠበች ሰማችኝ።

እንግዲህ ሰላምታ። አባዬ ስኳሩ ወርዶለታል፣ ወገብህን ጠብቅ ይልሃል። አክስቴ ግዌንዳ በጽሑፍ ሰላም ብላሃለች። ፔግ ጫማህን አሁንም ታሸተዋለች። አብረውህ ለሚሸልቱት ጓደኞችህና ለወጥ ቤቷ ሴትዮ ሰላም በልልኝ። እማዬ በጣም ትናፍቀዋለህ በይው ብላኛለች፤ ራሷ የማትጽፍልህ ዛሬ ጠዋት ሥራ ስለበዛባት ነው። ሥራዋም ጩኸት ነበር፦ «አንቺ ሄሌድ! የልጄ አልጋ ላይ እርጥብ ፎጣ! ሠራተኛ ቀጠርንልሽ እንዴ!» ሄሌድ ጥርስ በጥርስ ሆና ፎጣውን ስታነሳ ብታያት! እሷም ሰላም ብላሃለች። እኔ ግን እንዴት እንደሆንኩ ታምናለህ? በዚያም ቀናሁ።

እህትህ ማሬድ
ላኔሊ፣ ማርች 29 ቀን 2014