የአባዬ ምርኩዝ ከሙዙ ሥር

ውድ ወንድም ጋሼ፣

አባዬ መርሳት እንደባሰበት ስነግርህ በስልክ «የሚያውቀውን ነገር አሳዪው፣ ልቡ ይመለሳል» ስትለኝ ተናድጄብህ ነበር። ሩቅ ሆኖ መምከር ለማን ይከብዳል? ግን ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል፤ ቅዳሜ አባዬን ይዤው ወደ ዕፅዋት ማዕከሉ ሄድኩ።

የሐሩር ተክሎቹ ያሉት ትልቅ የመስታወት ቤት ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት የወበቁ እንፋሎት መነጽሬን ጋረደው። ጠርጌ ቀና ስል አባዬ ጥሎኝ ሄዷል። ፓፓያውን፣ ካካዎውን፣ የቫኒላውን ሐረግ እየዳበሰ አንድ በአንድ በስማቸው ይጠራል። «ይሄኛው ውሃ በዝቶበታል» ይላል፣ ልክ እርሻውን ይቆጣጠር እንደነበረበት ጊዜ። ወንድም ጋሼ፣ ምን ልዋሽህ፣ ደስ አለኝ። የኔንም ስም እስኪጠራ ተራዬን መጠበቅ ጀመርኩ።

ሙዙ ጋ ስንደርስ ቆመ። ተክሉ ትልቅ ዘለላ ተሸክሞ ወደ መንገዱ ዘንብሏል።

«ፍሬ ያዘለ ሙዝ ያለ ድጋፍ ይተዋል? ነውር አይደለም እንዴ!»

ምርኩዙን ሰክቶ ግንዱን አስደገፈው። ልጆች ሳለን ባላ እንጨት የምናቀብለው እኛ አልነበርንም? ጥበቃው እየሮጠ መጣ።

«ኧረ አባት፣ ተክል መንካት ክልክል ነው!»

«የዛሬው ተረኛ አንተ ነህ? ቆይ፣ አለቃህን ባላናግር!»

ሰዉ ሳቀ፣ እኔም ከልቤ ሳቅሁ። አባዬ ግን «ቢወድቅ ማን ሊጠየቅ ነው?» ብሎ ምርኩዙን አልወስድም አለ። እኔን ተደግፎ ወጣ።

በሩ ላይ ትከሻዬን ለቀቀና ጎንበስ ብሎ አመሰገነኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤት። መንገዱን ካሳዩኝ ይበቃኛል። ቤት ትንሽ ልጅ አለችኝ፤ እኔ ካልገባሁ አትተኛም።»

ስሟን ጠየቅሁት። የኔን ስም ነገረኝ፣ ሳያዛንፍ።

«እኔ እኮ ነኝ፣ አባዬ» አልኩት።

አዘነልኝ መሰለኝ፣ እጄን መታ መታ አደረገኝ። «አይ፣ እሷ ገና ሕፃን ናት።»

ከእንግዲህ «ይሻለዋል» አትበለኝ፣ በሞቴ። መምጣት ከፈለግህ ና፤ አየዋለሁ ብለህ ና እንጂ ያውቀኛል ብለህ አትልፋ። እኔም ተስፋ ቆርጫለሁ። አሁን ሲመሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ «ልጅቷ ተኝታለች» እለዋለሁ። ያኔ እሱም ይተኛል።

አንተ የምታውቀኝ
እህትህ