ውሃው ላይ የተጋደመው ምሰሶ

ሺዋን መንደር፣ የነብር ዓመት፣ በስምንተኛው ጨረቃ አራተኛ ቀን

ወንድሜ ሹጋን፣

ላንዡ ላይ ብርዱ እንደጀመረ እገምታለሁ። ሳልህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ጽሕፈቴ ቢያስቸግርህ ታገሰኝ።

የአባታችንን ቤት ከወንዙ ዳር ነቅለን ዳገቱ ላይ ልንተክለው ነው። ክዳኑ ወርዷል፣ ግድግዳው ፈርሷል። ምሰሶዎቹ ግን ቆመዋል፤ አባታችን ግድግዳ ቢወድቅ ቤት አይወድቅም ይል አልነበር? አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በመካከላቸው ጋደም ባልኩበት እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ጭጋግ ከወንዙ ወጥቶ ሞልቶት ነበር፤ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። ምሰሶዎቹ ቅርንጫፍ ያወጡ መሰለኝ። ነፋሱ ከላይ ቅጠል ሲነካ ሰማሁ። አንተም እዚያ ነበርክ፤ ጫማህን አውልቀህ ከአንዱ ሥር ተቀምጠሃል። ብዙ ቆየሁ፣ መነሳት አልፈለግሁም።

ሥራውን የያዘው ፉ የሚባል የማዶ አናጢ ነው። ታሪካችንን አያውቅም። ባለቤቴ ላንፈን ናት በመጀመሪያው ቀን የነገረችው። የምሥራቁ ምሰሶ አዲሱ ቤት አይገባም፣ ይቃጠል አለችው፤ ዛፉ ሥሩ ወደ ላይ ተገልብጦ ስለተተከለ ልጄን ቀጥፎብኛል። የተከለው የባሌ ወንድም ሹጋን ነው አለች። ስምህን ከአፏ ስሰማ በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

ፉ ምሰሶውን ዞሮ አየው። ጥቁሩ ቀለም ወፍራም ስለሆነ የእንጨቱ ጉጥ ወዴት እንደሚያዘነብል፣ ሥሩ በየት በኩል እንደሆነ አይታይም።

«እመቤቴ፣ እንጨት ሳይጠየቅ አይቃጠልም» አላት። «ውሃ ላይ እንጣለው። በሥሩ በኩል ያለው ከባድ ነው፣ ዝቅ ይላል።»

ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ፣ አርባ ዓመት አናጢ ነበርኩ ያሉኝ እርስዎ ነዎት ወይስ ጎረቤትዎ ብሎ ቀለደብኝ። 

በማግስቱ ጠዋት መሬት ላይ የቆመበትን ጫፍ በቀይ ክር አሰርን፤ ስድስት ሰው ተሸክሞ ከቤቱ በታች ያለው ኩሬ ላይ ለቀቀው። ምሰሶው ጭጋጉ ውስጥ ቀስ ብሎ ዞረ፣ ነገር እንደሚያስታውስ ሰው። ከዚያ ባለክሩ ጫፍ ዝቅ አለ። ሥሩ እታች ነበር። አልተሳሳትክም።

ላንፈን ድገሙት አለች። ደገሙት። ከማዶ በኩል ጣሉት አለች። ሦስተኛም ጊዜ ክሩ ሰመጠ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ጎሽ እንኳ ይሄን ያህል አይታጠብም አለ። ማንም አልሳቀለትም።

ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ታዲያ ልጄ በምን ሞተ?» አለችኝ።

«በትኩሳት።»

«በትኩሳት» አለች፤ ቃሉን ገና ዛሬ የሰማችው ይመስል።

አባታችን በምሰሶው ሰበብ የአናጢነት ዕቃህን ነጥቆ ያባረረህ ዕለት እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ሕፃኑ ከሞተ ወዲህ ላንፈን እህል አልቀመሰችም ነበር። ጥፋተኛው ምሰሶው ነው ሲሏት ያን ዕለት ማታ ሩዝ በላች። አየኋት። በሳምንቱ ምሰሶውን ጥቁር ቀባሁት፣ ከአሥራ ሁለቱ ያንን አንዱን ብቻ። ለእርጥበት ነው አልኳቸው። አንተም እንደ እኔ አናጢ ነህ፣ ቀለም ምን እንደሚደብቅ ታውቃለህ፤ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ማን እንደቀባው ላንፈን ታውቃለች። እስካሁን አልጠየቀችኝም። ከኩሬው ከተመለስን ወዲህ አልጋዋን ወደ ጓዳ ወስዳለች።

የጣሪያው አናት እንጨት የሚወጣው በዘጠነኛው ጨረቃ በአሥራ ስድስት ነው። እንደምታውቀው የምሥራቁን ጫፍ ታላቅ፣ የምዕራቡን ታናሽ ወንድም በገመድ ይስባል። ፉ በአንተ ቦታ ሰው ልተካ ብሎ ነበር፤ ላንፈን ከለከለችው። ላይመጣ ይችላል፣ መብቱ ነው አልኳት።

«ታዲያ ቤቱ ሳይከደን ይቆያላ» አለች፣ ሩዟን እየለቀመች።

ብትመጣ መንገዱን ያቅናልህ። ባትመጣም ደረትህን ያድንልህ፣ ዕድሜ ይስጥህ።

ታላቅ ወንድምህ
ሹዩዋን