ሰላምታ ነሳች ተባልኩ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25
ሽሮ በላሁ፤ ቃሬ ተነሣ። ጋደም ስል ኮምጣጣው ጉሮሮዬ ድረስ ወጣ። የቀኝ ጆሮዬ ደግሞ ሲጮኽብኝ ዋለ። ለመሳፍንት ብነግረው፣ "ጨጓራ የሌለባት ሴት አለች?" ብሎኝ ስልኩን መነካካት ቀጠለ። ባል ተብዬ!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29
ለካ ታምቻለሁ። አማቴ እማማ አሰገደች ከአምበር እኛ ከተማ ለገበያ መጥተው፣ ደጋግመው ቢጠሩኝ ዝም ብዬ አለፍኳቸው አሉ። በቀኜ በኩል ከነበሩ... መቼ እሰማለሁ? "ከተሜ ሆና ናቀችኝ፣ ሰላምታ ነሳችኝ" ብለው ለዘመድ ሁሉ አዳርሰዋል። እኔ? አንድ ሰው እንኳ "ጆሮዋን አሟት ይሆን?" ቢል ምን ነበረበት?

እሑድ፣ ኅዳር 7
አምበር ሽማግሌ ተቀመጠልኝ። መሳፍንት ከእናቱ ጎን። ጆሮዬን ያመኛል ብል ማን ሰምቶኝ። ከሽማግሌዎቹ ጋሽ ፈንታ ፈረዱ፦ በሳምንቱ ድንጋይ ተሸክሜ አማቴ እግር ላይ ልወድቅ። ላልሰማሁት ጥሪ! መንገድ ላይ ባሌ፣ "ተሸክመሽ ገላግይን" አለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11
ብቻዬን ማርቆስ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ጆሮዬን ያየችው ዶክተር ድንገት፣ "ቃርስ አለብሽ?" አለችኝ። እንባዬ መጣ። እስከ ዛሬ ሆዴን ያየ ጆሮዬን አይጠይቅ፣ ጆሮዬን ያየ ሆዴን አይጠይቅ። ቃር ያለባቸው ሴቶች ላይ የመስማት ችግር አብሮ ይታያል የሚሉ ጥናቶች አሉ አለች። የእኔን ያመጣው ቃሩ ነው ብላ ግን አልማለችም። የቀኙ በጣም ደክሟል። ይመለስ ይሆን? ብላት ሌላ ቀጠሮ ጻፈችልኝ።
ሴት ነሽ፣ ቻይው ሲሉኝ ኖሩ። ቻልኩት። ይኸው።

እሑድ፣ ኅዳር 14
ድንጋዩን ተሸክሜ ገባሁ። አማቴ ፊት አስቀመጥኩትና ተቀመጥኩበት።
"የቀኝ ጆሮዬ አይሰማም። የሚወቅሰኝ በግራዬ ይምጣ" አልኩ።
ጋሽ ፈንታ አፋቸውን ያዙ። እማማ አሰገደች ተነሥተው በግራዬ መጡ። ዶክተሯ ስለ ጆሮዬና ስለ ቃሬ ያለችውን ነገርኳቸው። ቃሩ እንዴት እንደሚያደርገኝ ጠየቁኝ፤ አስረዳኋቸው። ጎንበስ አሉ።
"እኔም ቅዳሴውን አጥርቼ ከሰማሁ ቆየሁ፣ ልጄ። ቃሩም እንደዚሁ እሳት ነው። እርጅና መስሎኝ..."
"ለልጅዎ አልነገሩትም?"
"ነገርኩት እንጂ። ጨጓራ የሌለባት ሴት አለች? አለኝ።"
ሁለታችንም ዞረን መሳፍንትን አየነው። ላብ አጠመቀው።
ነገ እማማን ይዤ ማርቆስ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። ድንጋዩን መሳፍንት ተሸክሞ አወጣው።