ልብስ አጣቢዋ እንቢ ያለችው ቃል

ልጄ፣ በወጣሽበት ደጅ በሰላም ያስገባሽ፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤ ብቻ ያው እንደምታውቂው ነው። ወንድምሽ የሚያፈሰውን ጣራ ጠግኖታል፤ እንዳታስቢ።

እዚህ የክስ መክፈቻ ክፍያን የሚጨምር አዋጅ ጸድቆ ከሰኞ ጀምሮ ይሠራበታል ተባለ። አርብ ዕለት ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ያለችው ጠረጴዛዬ በሰው ተከበበች። ማመልከቻ ስጽፍ ውዬ ጣቶቼ ደነዘዙ። የሟች ባሏ ወንድም ከቤቷ ያስወጣት ልብስ አጣቢ ከጧት ጀምራ ተሰልፋ፣ ተራዋ ሳይደርስ የመዝገብ ቤቱ መስኮት ተዘጋ። የያዘችው ገንዘብ ለሰኞው አዲስ ክፍያ አይበቃም።

"በደሃ ደንብ ክሰሺ፤ ያለ ክፍያ ይታይልሻል" አልኳት።

"ደሃ ነኝ ብዬማ አልፈርምም፣ እትዬ። ቤት አለኝ እኮ፤ የምከሰው ስለሱ አይደል?"

 "ደሃ" የሚለውን ቃል ለስንቱ ስጽፍ ኖሬ አንድ ቀን አሳስቦኝ አያውቅም።

ማክሰኞ ተመልሳ መጣች። "ለጊዜው የመክፈል አቅም የሌላት" ብዬ ጻፍኩላት። ሁለት ጊዜ አስነብባኝ ፈረመች፤ መዝገብ ቤቱም ተቀበላት። ዳኛው ግን አስቀርበው ይጠይቋታል። እዚያ ያንኑ "ደሃ ነኝ" የሚለውን ቃል በአፏ ሊያስጠሯት ይችላሉ፤ ይህን ልነግራት አቅም አጣሁ።

አንቺም በስልክ "ሁሉ ሙሉ ነው" ትይኛለሽ፤ ድምፅሽ ግን ደክሟል። ቸግሮሽ እንደሆነ ንገሪኝ፣ እናቴ። እኔ አላስፈርምሽም።

ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሸሽግሽ።

እናትሽ