ከውጭ የቀዘቀዘው ሻይ

ልጄ፣ የረገጥሽው መሬት ይቅናሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን፤ ከአባትሽ ምላስ በቀር።

ጉዱ ያ የላክሽለት የብረት ጠርሙስ ነው። ታውቂው የለ፣ ስፌት ቤቱ ውስጥ ሻዩን በቆርቆሮ ኩባያ ነበር የሚያስቀምጠው፤ አንድ ሱሪ ዘምዝሞ እስኪጨርስ ይበርድለታል፣ ኩባያውን በመዳፉ ዳብሶ ይጠጣል። ጠርሙሱንም እንደ ልማዱ ዳበሰው። ቀዝቃዛ ሆነበትና ግጥም አደረገው። ለካ ሙቀቱን ውስጡ አፍኖ የሚይዝ ኖሯል! ሲጮህ የመኪናው መርፌ ጣቱን የወጋው መስሎኝ ክው አልኩ። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው “የልጅህ ፍቅር ነው የፈጀህ” እያለ ይስቅበታል። እሑድ ስትደውዪ ያላናገረሽ ለዚህ ነው እንጂ ተቀይሞሽ አይደለም፤ አሁን ተሽሎታል።

እኔን ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። በደወልሽ ቁጥር “ደህና ነኝ እማዬ” ትይኛለሽ፣ ድምፅሽም ረጋ ያለ ነው። እኔም እሰይ ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ። ለካ እኔም ከውጭ እየዳበስኩ ነው።

አምላክ ከፊትሽ ይቅደም፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። ስትደውዪ ግን፣ እባክሽ የኔ ልጅ፣ ክዳኑን ትንሽ ክፈቺልኝ። ቢያቃጥለኝም ግድ የለም።

እናትሽ