ባዶ የሚተወው ስድስተኛው ጎሬ

ዱፑየር፣ ሞንታና
ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2019

የማትሰሚኝ ግን የምወድሽ ልጄ ማርላ፣

እንደምን ከርመሻል? ስኮትላንድ ዝናቡ ቀነሰላችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው። ስለ እጄ ግን ገና አትጠይቂኝ፤ ወደሱ እመጣለሁ። ይህን ሁሉ እሁድ በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር፤ አንቺ ግን ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ መልስ ትሰጫለሽ። ደብዳቤ አይቋረጥምና ሻይሽን ያዢና ቁጭ በይ።

ውርርዳችንን አልረሳሁም። አባትሽ ከሞተ ወዲህ እዚህ ከድቡና ከንፋሱ ጋር ብቻዬን መቅረቴ እንቅልፍ እንደነሳሽ አውቃለሁ። ባለፈው ጁላይ እንዲህ ነበር ያልሽኝ፦ «እማዬ፣ የአደን ወቅት ሳይከፈት እጅሽ የሚችለው ሽጉጥ ካገኘሽ እዚያው ኑሪ። ካላገኘሽ ግን ቤቱን ሸጠሽ እኔ ጋ ትመጫለሽ።» እኔም እሺ አልኩ፤ ከቃሌም አልወጣሁም። ያን ሰሞን የላክሽልኝ፣ ለእኔ ያሰናዳሽው ክፍል ፎቶ ደርሶኛል። የሆነ ቦታ አስቀምጬዋለሁ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ነገሩን የጀመርኩት አንቺን ዝም ለማሰኘት ነበር። ከጀመርኩት በኋላ ግን ጉጉቱ ራሴን ያዘኝ። በስልሳ ስምንት ዓመቴ ደብተር ገዝቼ ስለ ሽጉጥ ማስታወሻ እጽፋለሁ ብሎ ማን ያስብ ነበር?

መጀመሪያ የሄድኩት ከርት ሱቅ ነው። ልጅ ሳላችሁ ምሳሽን አውቶብስ ጣሪያ ላይ የወረወረብሽ ከርት፣ አሁን ራሱ መላጣ ሆኖ መሣሪያ ይሸጣል። አባትሽን እየጠቀሰ አንድ አምስት ደቂቃ አዘነልኝና ወደ ሥራው ገባ።

«እሺ እትዬ ዊላ፣ ለከተማ ነው ለጫካ?»

«ለሁለቱም።»

ሳቀብኝ። «ሁሉም ሰው እንደዚያ ብሎ ነው የሚገባው። ለከተማ የሚሆነው ትንሽና ቀላል ነው፣ ኮት ስር ይደበቃል። ለድብ የሚሆነው ትልቅና ከባድ ነው። አንድ ጫማ ለሠርግም ለበረትም መግዛት አማረዎት?»

«ለሠርጌ ያደረግኩት ቦት እስከ ዛሬ በረት ይገባል» አልኩት።

እንግዲህ የምፈልገውን አስረዳሁት። ወደ ሐኪም ስሄድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቤት በሌለበት መንገድ ነው የምነዳው፤ መኪናዬ ብትቆም ማን እንደሚመጣ አላውቅም። በኦክቶበር ደግሞ ኤልክ አጋዘን አድናለሁ፣ ፈቃዱንም አውጥቻለሁ። ኤልኩን ጥሎ መበለት ሲጀመር ጠመንጃው ዛፍ ተደግፎ ይቆማል፣ ሁለት እጅ ሥጋ ውስጥ ነው፤ ድቡ የደሙን ሽታ ተከትሎ የሚመጣው ልክ ያኔ ነው። በዚያ ሰዓት የሚያዋጣው ወገብ ላይ ያለ ነገር ብቻ ነው። ሁለት ሽጉጥ መያዝ ደግሞ አልፈልግም፤ አንዱንም በቅጡ ካወቅኩት ትልቅ ነገር ነው።

ከርት መጀመሪያ አውቶማቲክ ሽጉጥ ሰጠኝ። ላዩን ወደኋላ ስቤ ላቀባብል ብል ጣቶቼ እምቢ አሉ። ቁርጥማቱ ከክረምት ወዲህ ብሶበታል፣ አልነገርኩሽም። ስለዚህ የቀረልኝ ስድስት ጎራሹ ሪቮልቨር ነው፤ እሱ መቀባበል አይፈልግም፣ ቃታ ከሳብሽለት ጥይት የያዘው ከበሮ ራሱ እየዞረ ያቀርባል። ከርት ቀጥሎ እጀታው ሮዝ ቀለም የሆነ ትንሽዬ ሽጉጥ አወጣና «ይህ ለሴቶች ነው» አለኝ።

«ድቡ ቀለም ይመርጣል እንዴ?» አልኩት። መልሶ ከተተው።

ሌላም ጠየቅኩት። ባለ 357 ጥይት ከባለ 44 የሚያንሰው ለምንድን ነው? ቁጥሩማ ይበልጣል! ለካ ሁለቱም የኢንች ክፍልፋይ ናቸው፣ ከነጥብ በኋላ የሚነበቡ። አርባ አንድ ዓመት ከአባትሽ ባለ 44 ጋር አንድ ቤት ስኖር አንድ ቀን እንኳ ይህን አለመጠየቄ ገረመኝ። ስንቱን ነገር ሳልጠይቀው ሄደ መሰለሽ።

ቤት ተመልሼ ደግሞ የክብደቱን ነገር መሞከር አማረኝ። የአባትሽን ሽጉጥ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ አንድ ትልቅ የታሸገ ባቄላ ቆርቆሮ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ቆርቆሮውን በካልሲ ከትቼ ቀበቶዬ ላይ አሰርኩትና ኮት ደርቤበት ፖስታ ቤት ሄድኩ። ተደብቋል ብዬ ኮራ ብያለሁ። ማህተም የምትመታው ሴትዮ ቀና ብላ አየችኝና «ዊላ፣ ወገብሽ ላይ ያንጠለጠልሽው ምሳሽን ነው?» አለችኝ። ሱሪዬንም በአንድ እጄ ይዤ ነው የተመለስኩት። ትልቁ ለከተማ እንደማይሆን በዚህ ታወቀ፤ በደብተሬም ጻፍኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት ጠጠር የሚወጣበት ጉድጓድ ሄድን፤ እኔ፣ ከርትና ዶሪን። የትምህርት ቤት አውቶብስ ትነዳላችሁ የነበረችው ዶሪን ጡረታ ወጥታ አሁን ሴቶችን ተኩስ ታስተምራለች። ድምፅዋ ያው ነው፣ አርባ ልጅ ቁጭ የሚያደርግ።

በአባትሽ ሽጉጥ ጀመርኩ። አምስት ጥይት አጎረስኩት። ዶሪን ሳቀች። «ስድስተኛዋስ? ለማን ቆጠብሽላት?» ታሪኩን አንቺ ታውቂዋለሽ። የአባትሽ አያት ሽጉጣቸው ከፈረስ ላይ ወድቆ፣ መምቻው ጥይቱን ነክቶት ጉልበታቸውን ሰባብሮባቸዋል። ከዚያ ወዲህ በእናንተ ቤት ከመምቻው ስር ያለው ጎሬ፣ ያ ጥይት የሚገባበት የከበሮው ቀዳዳ፣ ባዶ ይተዋል። ለዚያ ለአሮጌው ዓይነት ሽጉጥ ልክ ነው፣ ዶሪንም አልካደችም።

ተኮስኩ። ከርት ድብ የተሳለበት ወረቀት ሰቅሎልኝ ነበር፤ ጥይቶቼ ከድቡ እግር በታች አፈሩን ያርሱታል። እያፈርኩ ስተኩስ ቆጠራው ጠፋብኝና ባዶዋ ላይ ደረስኩ። ቀጭ! ጥይት የለም፣ ድምፅ የለም። አፈሙዙ ግን ወደ መሬት ዘፍ አለ።

«ቁሚ!» አለች ዶሪን። «አየሽው?»

«ምኑን?»

«ጥይት የለውም እኮ፣ ዊላ! ሽጉጡ ምንም አላደረገሽም፤ አፈሙዙ ግን እጅ ነሳ። ሊራገጠኝ ነው ብለሽ አንቺ ቀድመሽ ትገፊዋለሽ። ፈርተሽዋል።»

ጥይት ሲኖር ጩኸቱና ርግጫው ሁሉን ይሸፍነዋል፤ ባዶው ጎሬ ግን ምንም አይደብቅም። ማርላ፣ ያንን ሽጉጥ በየመኸሩ ወገቤ ላይ ታጥቄ ከአባትሽ ኋላ ተራራ ወጥቻለሁ። «ይከብድሻል?» ሲለኝ «ኧረ ምንም አይል» እለው ነበር። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ስፈራው መኖሬን ያወቅኩት እሱ ከሞተ በኋላ፣ በአንዲት ቀጭታ ነው።

ዶሪን ከዚያ በኋላ ዘዴውን ያዘችው። «ዞር በይ» ትለኛለች፤ ጀርባዬን ስሰጣት አንዳንዱን ጎሬ ጥይት ታጎርሳለች፣ አንዳንዱን ባዶ ትተዋለች። የቱ ምን እንደሆነ አላውቅም። ከርት ለከተማ ብሎ ያመጣትን ትንሽ ቀላል ሽጉጥ እንዲህ ሞከርኳት። ቀላል ሽጉጥ ርግጫው ይብሳል፣ የሚያስታግሰው ክብደት የለውማ። አውራ ጣቴ ስር ያለውን ሥጋ እንደ ውሻ ነከሰችኝ፣ ቃታዋም ደንዳና ነው። የወረቀቱ ድብ በሰላም ዋለ። በባዶዋም ላይ አፈሙዙ ዘፍ አለ። ከርት መሬት መሬት ያይ ጀመር፤ እኔም ቤቱን የሚገዛው ማን ይሆን እያልኩ ነበር።

ሦስተኛዋ አሮጌ ነበረች። ባለ 357፣ ሙሉ ብረት፣ አፈሙዟ ከጣቴ ብዙ የማይበልጥ፣ መሀከለኛ። የቀድሞ ባለቤቷ እንደኔ ቁርጥማት የያዘው ሰው ነበር አለ ከርት፤ ቃታዋን አስሞርዶ አለስልሷታል። የእሷ ጉድ ደግሞ ሁለት ዓይነት ጥይት መብላቷ ነው። ለከተማ ለስለስ ያለውን ባለ 38፣ ለጫካ ኃይለኛውን 357 ትጎርሳለች። አንድ ጫማ ለሠርግም ለበረትም!

«ዞር በይ» አለች ዶሪን። ዞርኩ፣ ተቀበልኳት፣ አነጣጠርኩ። ሁለት ጊዜ ተኮስኩ። በሦስተኛው ቀጭ አለች።

አፈሙዙ አልተነቃነቀም። ዶሪን ኃይለኞቹን ጥይቶች ቀየረችበትና መልሳ ሰጠችኝ። በአራተኛው ቀጭ፤ እጄ እንደ ድንጋይ ቀጥ። ድቡ ደረቱ ላይ አምስት ቀዳዳ አገኘ።

ዶሪን ጮኸች፣ ከርት ኮፍያውን ወረወረ። እኔ አለቀስኩ። አቀፉኝ፣ «ደስታ ነው፣ ይወጣላት» ተባባሉ። እኔም እንደዚያ ይምሰላቸው ብዬ ተውኳቸው። ገዛኋት፣ አፎቷንም ገዛሁ። ሰኞ ኮት ስር ታጥቄያት ስሄድ የፖስታ ቤቷ ሴትዮ መንገድ ላይ አገኘችኝ፤ አላወቀችብኝም። ዶሪን ደግሞ ድብ ሲመጣ መጀመሪያ የበርበሬ መርጫውን እንድጠቀም አስምላኛለች፣ ስለዚህ አትጨነቂ።

እንግዲህ ውርርዱን አሸንፌአለሁ። ቃልሽ ቃል ነው፣ ቤቱም አይሸጥም።

ነገር ግን ያቺ ባዶ ጎሬ ውሸት አስጠላችኝና ያለቀስኩበትን ልንገርሽ። ቀጭ ብላ እጄ ቀጥ ሲል መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ «ስለዚህ መሄዴ ቀረ» የሚል ነበር። ደስታ አልነበረም፣ ልጄ። አፈሙዙ ዘፍ ቢል ኖሮ ለመምጣት ምክንያት ይኖረኝ ነበር። እጄ ሰነፈ፣ ልጄ ውሰጂኝ እል ነበር። አሁን እጄ ደህና ነው፤ ቤቱ ግን ያው ባዶ ነው። ድብ አልፈራም፣ መንገዱንም አልፈራም። የምፈራው ሁለት ሳህን አውጥቼ አንዱን መመለሴን ነው።

አንቺ «ካላገኘሽ ትመጫለሽ» ነው ያልሽኝ። «ብታገኚም ነይ» አላልሽኝም። አንቺ ጋ የሚመጣው የተሸነፈ ሰው ብቻ ነው ወይ? ኤልኩን አድኜ፣ ሥጋውን ለዶሪን አካፍዬ፣ ሽጉጤን ካዝና ውስጥ ቆልፌ፣ በረዶው ሲበዛ ለጥቂት ወራት ብመጣስ? ሸሽቼ አይደለም፤ ስለናፈቅሽኝ ነው። እሁድ ስትደውይ መልሱን ንገሪኝ፤ የዚያን ዕለት እንኳ ሳልጨርስ ብታቋርጪኝ አልቆጣም።

ደጅሽን ሰላም ይጠብቀው፤ ከሥራ ስትመለሺ መብራት ይቆይሽ።

እናትሽ ዊላ

ደብዳቤውን ከዘጋሁት በኋላ የታወሰኝ፦ የክፍሉ መስኮት ወደየት ነው የሚያየው? ፎቶውን ማቀዝቀዣው ላይ ከለጠፍኩት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ፤ ከመጋረጃው ኋላ ያለችው ሰማያዊ ነገር ባሕር ትሁን የጎረቤት ጣሪያ መለየት አቃተኝ።