ሁለቴ አንኳኩተህ ነበር

ውድ ቀጮ፣

ዳሌህ እንዴት ነው ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ግን ትናንት እሑድ በስልክ ስጠይቅህ "ደህና ነው፣ እሱን ተወውና ቁም" ብለኸኛል። ስለዚህ ሰላምታውን እንለፈው። አራት ወር ሙሉ በየእሑዱ ስንደዋወል ያልነገርኩህ ነገር አለ፤ ዛሬ ካልጻፍኩት መቼም አልጽፈውም።

ዛሬ ጠዋት የማዞሩ ሕክምና ነበረኝ። ያቺ እንቅስቃሴ የምታሠራኝ፣ ቆፍጣናዋ ያልኩህ ልጅ፣ እንደ ልማዷ አንዱን እግሬን ከሌላው ፊት አስገጥማ መስመሩ ላይ አቆመችኝ። አውራ ጣቴን እያየሁ ራሴን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ አዞርኩ፤ እሱን እንደምንም ተወጣሁት። "አሁን ወደ ላይ" ስትለኝ ግን ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። በየቀኑ ምልክት የማደርግበትን ወረቀት ገልጣ አየችው። ወደ ላይ በሚለው ረድፍ ሁሉ ምልክት አለ። አንዱንም አልሠራሁትም። ገብቷታል መሰለኝ።

ወደ ሥራ የምመለሰው መቼ ነው ብዬ ጠየቅኳት። ወረቀቱን አጣጥፋ ሰጠችኝ፤ "መንገድ ላይ ግድግዳ ሳትይዝ ትሄድ ይሆናል። መሰላሉን ግን እርሳው፣ አባቴ" አለችኝ።

ቤት ውስጥ እንዴት እንደምሠራ ታውቃለህ። ማድ ቤቱ ጥግ ላይ ጀርባዬን ወደ ግድግዳው፣ ከፊቴ ወንበር፣ ጠረጴዛው ላይ ስልኩ። ባለቤቴ ሌላው ሰው ጠጥቶ ይንገዳገዳል፣ የኔ ባል በባዶ ሆዱ እያለች ትስቃለች። መጀመሪያ መጀመሪያ እኔም እስቅ ነበር። አሁን እሷም የምትስቀው ዝም እንዳይባል ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ብቻዬን ዓይኔን ጨፍኜ ስቆም ሰባት ስቆጥር እወድቃለሁ። እሑድ ግን አንተ ትደውልና ትቆጥርልኛለህ። ትናንት ሃያ ሁለት አደረስከኝ። እዚያ እህትህ ቤት ክራንችህን አልጋው ላይ አጋድመህ "አይዞህ፣ አለሁ፣ ይዤሃለሁ" ስትለኝ ምን እንደሚሰማኝ አታውቅም። ልንገርህ።

ያን የወደቅክበትን ቀን አዳራሹ ውስጥ ኮርኒሱን ስንቀባ ነገሩ ሁሉ እንደ ወትሮው ነበር። አንተ ቀጭን ስለሆንክ ከላይ፣ እኔ ከባድ ስለሆንኩ ከታች። ሕጋችንን አንተው ነህ ያወጣኸው፦ ከላይ ያለው እግሩን ከማንሳቱ በፊት በብሩሹ እጀታ ሁለቴ ያንኳኳል፤ ከታች ያለው ይዣለሁ ሲል አንዴ ይመልሳል። መልስ ካልተሰማ ማንም አይንቀሳቀስም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን አላጓደልነውም። ምሰሶ ያልከኝም ለዚህ ነው።

አንተ የማታውቀው፣ ማዞሩ እንዳልኩህ ከዚያ ቀን በኋላ ሳይሆን ሦስት ወር ቀድሞ ጀምሮኝ ነበር። አልጋዬ ላይ ስገላበጥ ቤቱ አብሮኝ ይገላበጣል። አንዴ ባልዲውን ይዤ ስንገዳገድ አይተህ ምን ሆንክ ስትለኝ ቁርስ አልበላሁም አልኩህ። ዳቦህን ገምሰህ ሰጠኸኝ። በላሁት። የሚያዞረውን ቀቢ ማን ያሠራዋል ብዬ ነበር የደበቅኩህ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሁለቴ አንኳኩተህ ነበር፣ ቀጮ። እኔም መልሻለሁ። ከዚያ ጥጉን ጨረስከው ወይ ብዬ ቀና አልኩ። ኮርኒሱ፣ አንተ፣ የጫማህ ሶል፣ ሁሉም አንድ ላይ ዞረ። መሰላሉን ለቅቄ ግድግዳውን ያዝኩ። አውቄ አይደለም ልልህ እችላለሁ፤ እውነትም ነው። ግን እጄ ያተረፈው እኔን ነው።

አንተ መሰላሉ የሸሸው እግርህ ስቶ ስለገፋኸው ይመስልሃል። ፎርማኑ ሮጦ መጥቶ ምን ሆነ ሲል ወለሉ ላይ እንደተኛህ፣ ከንፈርህ ነጭ ሆኖ፣ "እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ምሰሶ አይለቅም" አልከው። እኔ አጠገብህ ተንበርክኬ ነበር። አፌን አልከፈትኩም። ሆስፒታልም መጥቼ ብርቱካን ልጬልህ፣ አልጋህን አስተካክዬልህ፣ አፌን ሳልከፍት ሄድኩ። ከሰው ሁሉ እኔን አምነህ የራስህን እግር ስትወቅስ አራት ወር ሰማሁህ።

ለራሴ የሰጠሁት ቀጠሮ ነበር። መጀመሪያ ልዳን፣ ቀጥ ብዬ ልቁም፣ ከዚያ በእግሬ ሄጄ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ እል ነበር። እንቅስቃሴውን የምሠራው ለዚያ ነው። ነገር ግን ወደ ላይ ቀና ባልኩ ቁጥር የጫማህ ሶል ይታየኛል፤ ስለዚህ እሱን እየዘለልኩ ሠርቻለሁ በሚል ምልክት ሳደርግ ከረምኩ። እንዲህ ሆኜ ልድን ነበር። ዛሬ ልጅቷ መሰላሉን እርሳው ስትለኝ ቀጠሮዬም አብሮ ተሰረዘ። አንተም ዳግመኛ መሰላል አትወጣም፣ እኔም አልይዝም። ይህን መጻፌ ዳሌህን አይጠግንልህም፤ አውቃለሁ። ይቅር በለኝ ለማለትም አፍ የለኝም። እግርህ ግን አልሳተም። ይህን ብቻ እወቅልኝ፤ ለፎርማኑም ነገ ሄጄ እነግረዋለሁ።

እሑድ በተለመደው ሰዓት ጥጉ ጋ እቆማለሁ፤ ስልኩም ጠረጴዛው ላይ ይሆናል። ባትደውል አልቀየምህም። ዓይኔን ጨፍኜ ራሴ እቆጥራለሁ፣ እስከ ሰባት።

መሰላሉን የለቀቀው፣
ምሰሶ ስትለው የነበረው